የዳሌ መገጣጠሚያና ሳንበላው የቀረነው የበግ ታፋ

ዛሬ ደብረ ታቦር፣ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ እግራችን ቆመን ስንስቅ ባለሙያዋ ግራ ገባት።

አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሰይድ ነው። የዳሌ ሕመም መልሶ አገናኘን።

ልጅቱ እያስረዳችን ነበር። "የጭን አጥንት ጫፉ ክብ ነው፤ የዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል። በአንድ እግር ስትቆሙ ዳሌያችሁ እንዳያዘነብል የሚይዘው የጎን ጡንቻ ነው። የእናንተ ደክሟል አባቶቼ።"

ሰይድ ወደ እኔ ዞረ። "የጓድ መምህርን በግ አስታወስከው?"

እንዴት እረሳዋለሁ። በደርግ ጊዜ የባዮሎጂ መምህራችን ይህንኑ ሊያስተምሩን የበግ ታፋ ከነዳሌው ይዘው መጡ። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን እያንቀሳቀስን አየነው። ሲያበቃ "በሉ፣ ጥበሱና ብሉት" አሉን።

ቀኑ ረቡዕ ነው፤ እኛ ጾመኞች ነን። እነ ሰይድ ደግሞ ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም። ጓድ መምህር ክፍሉን አየት አየት አደረጉና ታፋውን ጠቅልለው ወጡ። (ማታ የጥብሱ ሽታ ሰፈሩን አዳርሶት ነበር።)

ሳቃችን ሲበርድ ልጅቱ "ሲሻላችሁ ከሁሉ በፊት ምን ማድረግ ትፈልጋላችሁ?" ብላ ጠየቀችን።

"ግንባሬን መሬት አስነክቼ መስገድ" አልኳት።

"እኔም እሱኑ" አለ ሰይድ።

ለሁለታችንም አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ አዘዘችልን።

እናንተስ፣ ዘመን ቆይቶ ሰውነታችሁ ያስታወሳችሁ ትምህርት አለ? ጻፉልኝ፤ በአንድ እግሬ ቆሜ አነበዋለሁ።