የሲስተር አመለወርቅ ተማሪዎችና የበሽተኛ ወላጆች

አመለወርቅ ዲላ ተወልዳ ያደገች የነጋዴ ልጅ ነበረች። ጌዴኦኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ስለለመደች፣ ነርስ ሆና ወደ ከተማው ጤና ጣቢያ ስትመለስ የገጠር ወላጆች እንደ ዘመድ ያዩዋት ጀመር። ሳቂታ ናት፤ ተማሪ ሲያጠፋ ግን ቅንድቧ ይሰበሰባል።

በ1950ዎቹ መጨረሻ የጤና መኮንን ተማሪዎች ለልምምድ ወደ ጣቢያው ይላኩ ነበር። ከእነሱ አንዱ ገሪማ ነው፤ ጎበዝ፣ ፈጣን፣ ትንሽም ኩራት የነካው።

አንድ ጠዋት ሙሉካ የሚባል በዲላ አቅራቢያ ያለው የጪጩ መንደር ገበሬ ትንሽ ልጁን ታቅፎ መጣ። ልጅቱ ሆዷ ተነፍቶ፣ ሰውነቷ ዝሏል። ገሪማ በአስተርጓሚ ጠይቆ የወስፋት መድኃኒት ሰጣት። ሙሉካ ለሁሉም ነገር በአዎንታ ራሱን እየነቀነቀ ወጣ።

አመለወርቅ በሩ ላይ ጠበቀችውና በጌዴኦኛ "የሐኪሙ አያያዝ እንዴት ነበር?" አለችው።

"አዋቂ ነው" አለ ሙሉካ እየፈራ። "ግን አንዴም ዓይኔን አላየም። 'ቆሻሻ ውኃ ነው የምታጠጧት' ሲለኝ አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ ለጠየቀኝ ሁሉ አዎ አልኩ።"

"ያልነገርከው አለ?"

"ትናንት ኮሶ ሰጥተናታል። ከዚያ ወዲህ ያስመልሳታል።"

ይዛው ተመለሰች። "ገሪማ፣ ቁጭ በልና ስማው።"

የገሪማ ፊት ተለዋወጠ። "ሲስተር፣ ላክም እንጂ በበሽተኛ አባት ልገመገም አልመጣሁም።"

"እሱ ፈርቶህ ዝም ካለ ምኑን ታክማለህ?"

ሙሉካ የተናገረውን ሳትቀንስ ተረጎመችለት። ኮሶ የሚለውን ሲሰማ የገሪማ ቁጣ በኖ ጠፋ፤ በኮሶው ላይ የእሱ መድኃኒት ቢደረብ ይጎዳት ነበር። መድኃኒቱን መልሶ ተቀበለና ልጅቱን እንደገና መረመራት። ከማስመለሷ ብዛት የሰውነቷ ውኃ አልቆ ነበር። እዚያው አስተኝቶ ስኳርና ጨው የገባበት ውኃ በማንኪያ ሲያጠጣት ዋለ። በማግስቱ ልጅቱ አባቷን ቆጮ አምጣ ብላ አለቀሰች። ሙሉካ ከደስታው ብዛት ገሪማን አቀፈው።

አመለወርቅም ከዚያ በኋላ ወላጆችን ከተማሪዎቹ ፊት እያስቀመጠች ስለ አያያዛቸው ማናገርን ልማዷ አደረገች። የጣቢያው ኃላፊ "ሐኪምን ያስንቃል" ብለው ሲቆጡ፣ "እኔን አላስናቀኝም፤ አስተማረኝ እንጂ" ብሎ የተከራከረላት ገሪማ ነበር።

ልምምዱን ጨርሶ ሊሄድ ሲል፣ የልጅ ልጃቸውን ያከመላቸው አንዲት አሮጊት እንዲህ አሉት፦ "አንደበትህ ደህና ነው ልጄ። እጅህ ግን በረዶ ነው፤ ሕፃን ከመንካትህ በፊት አሸት አሸት አድርገው።"

አመለወርቅ እየሳቀች ተረጎመችለት። ገሪማም እየሳቀ መዳፎቹን አፋተገ።