ውሃ የጠጣ ጉዝጓዝ

አባቴ ታሞ ከሞተ በኋላ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። አርባው ወጣ፣ ለቀስተኛው ወደየቤቱ ተበተነ፤ እሷ ግን አልተነሳችም። የንስሐ አባቷም፣ ጎረቤታችን ሐጂም መክረው መክረው አቃታቸው። በመጨረሻ ያስነሷት የሥጋ ዶሮዎች ናቸው ብል ማን ያምነኛል?

እኔ ድሬ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። የአንድ ቀን ጫጩቶችን በካርቶን ይዤ የመጣሁት ሥራ ቢሆናት ብዬ ነው። የአባቴን የዕቃ ክፍል አጸዳሁና ሰጋቱራ ወፈር አድርጌ ጎዘጎዝኩበት። የሥጋ ዶሮ ቆጥ ላይ አያድርም፤ የሚተኛውም፣ ኩሱን የሚጥለውም እዚያው ጉዝጓዙ ላይ ነው። ስለዚህ ጉዝጓዙ ደረቅ መሆን አለበት፣ አለቀ! ብዙም ሳይቆይ እናቴ ተነስታ መኖ ስትሰጣቸው አየኋት። «ይቺ ሆዳም! ለሌላው አታስቢም?» እያለች ከጫጩት ጋር ትጣላለች። ደስታዬን የት ላድርሰው!

ዶሮዎቹ ሥጋ ማውጣት ሲጀምሩ ግን ሽታው መጣ። በሩ ሲከፈት ጉሮሮ ያንቃል። ጉዝጓዙ ከላይ ተጋግሯል፣ ሥሩ ጭቃ ነው። እርጥብ ሰጋቱራ ነው የሰጠኸኝ ብዬ ቀፊራ ገበያ ሄጄ አናጢው ላይ ጮህኩበት። እሱም «አቦ እህቴ፣ እንኳን ሰጋቱራው እኛም በዚች ፀሐይ ደርቀናል፣ ወላሂ!» ብሎ ሳቀብኝ። ንዴቴ ባሰ። ሰጋቱራውን ጠርጌ የቡና ገለባ አነጠፍኩ። ከሥሩ ኖራ በተንኩ። ምንም ለውጥ የለም፤ ገለባውም ጭቃ ሆነ። የእናቴም ዓይን ቀልቶ ያነባ ጀመር። ለአባቴ ተደብቃ የምታለቅስ መስሎኝ ዝም አልኳት።

የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ። ጉዝጓዙን በእጁ ጨበጥ አድርጎ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ኩሱ ሲረጥብ አሞኒያ የሚባል ጋዝ ያወጣል። አሞኒያ ደግሞ ዓይናቸውን ያጠፋል፣ እርጥቡ የውስጥ እግራቸውን ይልጣል። ኖራም ገለባም አያድንሽም፤ ውሃው ከየት እንደሚገባ ፈልጊ» አለኝ። ጣሪያውን አየሁ። የደቻቱ ወንዝ እንኳ አሸዋ ብቻ ሆኖ በተኛበት ወቅት ከየት የመጣ ዝናብ! የሚጠጡበትንም ዕቃ ፈተሽኩ፤ አያፈስም። ግራ ገባኝ።

አንድ ቀን ፋብሪካው መብራት ጠፍቶበት በቀትር ተለቀቅን። ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ ተኝቷል። ቤት ስደርስ በቀጥታ ወደ ዶሮዎቹ ሄጄ በሩን ገፋሁት። ሽታው በጥፊ የመታኝ ያህል ወደ ኋላ መለሰኝ። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ይዤ ገባሁ፤ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ዓይናቸው አብጦ ተከድኗል። እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ መኖው አጠገባቸው ሆኖ አያገኙትም። ግድግዳው ሥር የሞቱ አሉ። አንዱን ባነሳው የውስጥ እግሩ ተልጦ ሥጋው ይታያል። ለካ እኔ የማያቸው ማታ በጨለማ ብቻ ነበር!

ወዲያው ከኋላዬ የእናቴን የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ። ከቀትር እንቅልፏ ተነስታ ውሃ የሞላ ጆግ ይዛ መጣች። ድሬ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ከቀትር እንቅልፍ የተነሳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ደጁን ውሃ መርጨት ነው፣ አለዚያ አየሩ አያስቀምጥም። እናቴ ግን ደጁን አልፋ ገባችና፣ በመዳፏ እየጨለፈች ጉዝጓዙ ላይ ትረጭ ጀመር።

«እማ! ምን እያደረግሽ ነው?!» አልኩ፤ ጩኸቴ ራሴን አስደነገጠኝ።

«ማቀዝቀዝ ነዋ! እኛ ለራሳችን እየረጨን፣ እነዚህ ነፍስ አይደሉም?»

«በየቀኑ?»

«አንቺ ሥራ ስትሄጂ ሌላ ማን አላቸው?»

ያን ሁሉ ጊዜ ዓይኗ ሲያነባ የከረመው ለካ በዚህ ሽታ ነው! ብነግራት ተመልሳ የምትተኛ መሰለኝ። ባልነግራት የተረፉትም ያልቃሉ፣ የእሷም ዓይን አብሮ ይጠፋል። ነገርኳት። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ፣ ቀስ ብዬ ነገርኳት።

ጆጉን አስቀመጠች። ደፉ ላይ ቁጭ ብላ አንዷን ዶሮ ታቀፈችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችላት።

«አባትሽስ?» አለችኝ።

«አባዬ ምን?»

«ያን ሁሉ ጊዜ ሲያስለው ሙቀቱ እንዳይጎዳው ብዬ ክፍሉን ጠዋት ማታ እረጭለት አልነበር? ፍራሹ ሥር ሻጋታ ነበረው?»

እሱ ከሞተ በኋላ ፍራሹን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ግድግዳው እስከ ወገቤ ድረስ በሻጋታ ጠቁሮ ነበር፤ በበረኪና ያጠብኩትም እኔው ነኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ግን ከሳሉ ጋር አገናኝቼው አላውቅም።

«ኧረ ምንም አልነበረውም፣ እማ» አልኳት።

በቀላ ዓይኗ ትክ ብላ አየችኝ። «እስኪ ማርያምን በይ።»

«ማርያምን!»

ዶሮዋን መሬት አስቀምጣ ተነሳች። «በይ አካፋውን አቀብዪኝ» አለችኝ።