ድምፄ ያለ እኔ ግራና ላይ የዘፈነበት ቀን

የበደለኝ የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጊዜው ጦርነቱ ባለፈ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥር ነው። ዘመዶቻችን ነገሩን የቤተሰብ ኩርፊያ አድርገው ያወራሉ። ኩርፊያ አልነበረም። እንዴት እንደነበረ እኔ እጽፈዋለሁ።

መርሳ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰርግ ላይ አቀንቅኛለሁ። እኔ አወጣለሁ፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። በእኛ አካባቢ አቀንቃኝ የምትፈለገው ለድምፅዋ ብቻ አይደለም። የሙሽራዋን አባት በስሙ ጠርታ ታወድሳለች፤ ስለዚህ የማን ስም ከማን ቀጥሎ እንደሚነሣ ማወቅ አለባት። ስም ያሳሳተች ሴት ሁለተኛ አትጠራም። እኔ ከሰርጉ ሳምንት ቀደም ብዬ ወደ ቤቱ እሄድና ዘሩን እጠይቅ ነበር። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም።

የባሌ ወንድም ወልድያ ላይ ከአንድ ፎቶ ቤት ጀርባ ጠባብ ስቱዲዮ አለው። በየሰርጉ ኪቦርድ ይጫወታል። ከበሮውም፣ ዋሽንቱም፣ መሰንቆውም እሱው ነው። በዚያ ጥር መርሳ ያለው ጎረቤቴ ልጁን ሲድር ሁለታችንም ተጠራን። ማይክራፎን ሰጠኝና አቀነቀንኩ። የማይክራፎኑ ገመድ የሚያልቀው እሱ ኮምፒውተር ላይ መሆኑን ልብ አላልኩም፤ እሱም አልነገረኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለዓይኔ ሕክምና ወልድያ ሄጄ ጎራ ብልበት ደስ ብሎት ተቀበለኝ።

«እታለም፣ እስኪ ይህን ይስሙ» አለና አንድ ቁልፍ ተጫነ። የገዛ ድምፄ ወጣ፤ ጎረቤቴን በስሙ እየጠራ ያወድሳል። ጣቱን ሲያነሣ ድምፄ ተቆረጠ። ደግሞ ሲጫን ከመጀመሪያው ጀመረ።

እንዴት እንደሚሠራ ጠየቅሁት። ማስረዳት ይወዳል።

«ይህ ኪቦርድ ራሱ ድምፅ የለውም። ስነካው መልእክት ብቻ ነው የሚልከው፤ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ ምን ያህል በኃይል፣ መቼ እንደተለቀቀ። ሚዲ የሚባለው እሱ ነው። ድምፁን የሚያወጣው ሌላ ነው። ዋሽንት ሁን ስለው ዋሽንት ይሆናል፣ ከበሮ ሁን ስለው ከበሮ።»

«እኔንስ ምን አደረግኸኝ?»

«እርስዎማ ሳምፕል ነዎት።»

ዋሽንቱን ሲንተሳይዘር የሚባለው ድምፅ ፈጣሪ መሣሪያ ራሱ ከኤሌክትሪክ ይፈጥረዋል፤ የእኔ ግን የተቀዳ እውነተኛ ድምፅ ነው አለኝ። ኮምፒውተሩ ድምፄን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከአርባ ሺህ ጊዜ በላይ ለክቶ ቁጥር አድርጎ አስቀምጦታል። ስክሪኑ ላይ አሳየኝ፤ ከላይም ከታችም እንደ መጋዝ ጥርስ የሾለ ረጅም መስመር ነው። ከመካከሉ ትንሽ ቆርጦ ነው ቁልፉ ላይ ያኖረው።

«የቀረውስ ተጣለ?»

«አይጣልም። የምቆርጠው ለአጠቃቀም ነው፤ ዋናውን አይነካውም። ሙሉው እንዳለ ይቀመጣል።»

«ሁሉንም አጥፋው» አልኩት።

«ምን ይጎዳዎታል? ድምፅዎ በየሰርጉ ይዞርልዎታል እኮ።»

«ስም አለበት። አጥፋው።»

«እሺ እታለም» አለ። እሺ ስላለ አምኜው ወጣሁ።

አላጠፋውም። በየካቲት ግራና ላይ ለአንድ ሰርግ ሲጫወት ሴቶቹ እንዲሞቁ ብሎ ያንን ቁልፍ ተጫነ። ስሙን እንደ ጭብጨባ ነው የቆጠረው። የሙሽራዋ አባትና መርሳ ያለው ጎረቤቴ በመስኖ ውሃ የተነሣ ፍርድ ቤት የሚካሰሱ ሰዎች ናቸው። ጎረቤቴ ግራና ላይ መሬት አለው። እንግዲህ ሰውየው ልጁን በሚድርበት ዳስ ውስጥ፣ በድምፅ ማጉያ፣ የባላጋራው ስም ሲወደስ ሰማ። ተነሥቶ ገመዱን ነቀለ።

የባሌን ወንድም ምንድን ነው ይህ ብለው ያዙት።

«ስሙን የጠራችው እሷ ናት» አለ።

ይህ ውሸት አልነበረም። ይቅር ያላልኩትም እውነቱን በእኔ ላይ ስላዞረ ነው። ውሸቱ የተከተለው ነው፤ ለእነሱ ሰርግ ብላ ቀድታ የሰጠችኝ እሷ ናት፣ እኔ ቁልፍ ከመጫን በቀር አላውቅም አለ።

ያን ቀን እኔ ሐራ ከተማ ነበርኩ፤ እህቴን ላስታምም ሄጄ። ስመለስ ሁለት የተነጋገርኩባቸው ሰርጎች ሌላ አቀንቃኝ ይዘው አገኘኋቸው። ምክንያቱን የነገረኝ የለም። ገበያ ላይ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ፣ «ዛሬ ደግሞ ማንን ልታሞግሺልን ነው?» አለችኝና አጠገቧ ያሉት ሳቁ። ምን ማለትሽ ነው ብላት የግራናውን ነገረችኝ፤ ጉዳዩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሠላሳ ዓመት የያዝኩት ስም በአንድ ጣት ሊሄድ ነበር።

በዚያው ሳምንት ከግራና ሽማግሌዎች መጡ፤ አንድ ቄስና አንድ ሸህ፣ ከሙሽራዋ አባት ጋር።

«ያን ቀን ሐራ ነበርኩ» አልኳቸው።

«አንቺን አላየንም» አሉ ሸሁ። «ድምፅሽን ግን የማያውቅ የለም። ሰምተነዋል።»

እንድምል አልጠየቁኝም፤ እኔም አልማልኩም። ወልድያ ስቱዲዮው ድረስ አብረውኝ እንዲሄዱ ብቻ ጠየቅሁ። በማግስቱ አራታችን በአንድ ሚኒባስ ሄድን።

የባሌ ወንድም ሲያየን ወንበር ፈለገ። ቁልፉን እንዲጫን ነገርኩት።

«አጥፍቼዋለሁ።»

«እንግዲያ ግራና ላይ ምን ዘፈነ?» አሉ ቄሱ።

ተጫነ። ድምፄ ወጣ፤ እኔ ግን አፌን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ከፍ ያለውን ቁልፍ ተጫን አልኩት፤ ያው ውዳሴ ፈጥኖና ቀጥኖ የሕፃን ልጅ ሆነ። ዝቅ ያለውን አልኩት፤ ተጎተተና ጎረነነ።

«ሱብሃነላህ» አሉ ሸሁ፤ «አሁን ደግሞ ወንድ ሆነች።» ቄሱም ሳቁ።

አባትየው አልሳቀም። «ሳትኖር እንደሚዘፈን ገባኝ። ለእኔ ሰርግ ብላ አለመቅዳቷን ግን አያሳይም» አለ። ትክክል ነበር።

«ሙሉውን ክፈተው» አልኩት የባሌን ወንድም።

«ሙሉው የለም እታለም። ያለው ይቺው ናት።»

«መቁረጥ ዋናውን አይነካውም ብለኸኛል። ሙሉው እንዳለ ይቀመጣል ብለኸኛል። እዚሁ ቆመህ።»

ወደ ስክሪኑ ዞረ። ከዚያ ከፈተው። የጎረቤቴ ስም ተጠራ፤ ሴቶቹ ተቀበሉ፤ እሱ ከቆረጠበት በኋላ ያለው መጣ። ሙሽራዋን በስሟ ጠራኋት፤ የጎረቤቴ ልጅ ናት። አማቾቿን ጠራሁ። የዳሱ ጫጫታ፣ እልልታው፣ ሁሉም አለበት።

«ይህ የእኔ ልጅ ሰርግ ነው?» አለ አባትየው።

«አይደለም» አለ የባሌ ወንድም።

«እሷ ቀድታ ሰጠችህ?»

«አልሰጠችኝም። ራሴ ነኝ የቀዳሁት።»

ሽማግሌዎቹ ገሠጹት። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ አልከለከልኩትም። «ሰምቻለሁ» አልኩ። እነሱ ይቅርታ አድርገው ወሰዱት። የተቆረጠውንም ሙሉውንም እፊታችን እስኪያጠፋ ድረስ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ፍላሽም እንዳለው ጠየቅሁ፤ ነበረው። ከእሱም አስጠፋሁ።

አባትየው ግራና ሲመለስ የሆነውን ለሰው ሁሉ ተናገረ። በዓመቱ ሁለተኛ ልጁን ሲድር የጠራው እኔን ነው። ሳምንት ቀድሜ ሄጄ ዘሩን ጠየቅሁ፣ አቀነቀንኩ።

ባለፈው ሚያዝያ የባሌ ወንድም ልጁን ዳረ። እንዳቀነቅንለት ሁለት ሰዎች ላከብኝ፤ እመጣለሁ አልኳቸው። ወልድያ ሄድኩ። ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ፣ የቀረበልኝን በላሁ። ማይክራፎን አመጡልኝ፤ አጠገቤ ላለችው ሴት አቀበልኳት። ሙሽሮቹ ሲወጡ ተነሥቼ በመርሳ ሚኒባስ ወደ ቤቴ ሄድኩ።