ሜካፕ ሠሪዋና የአዲሱ ካሜራ ዓመት

በቴሌቪዥን ጣቢያው ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ፣ ከዋናው ሥራ አስኪያጅ እስከ በር ጠባቂው፣ «እትዬ ፓውደር» ይላታል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከስቱዲዮው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል የሰው ፊት ስታሳምር ኖራለች። ክፍሏ ውስጥ ዙሪያውን አምፖል የተደረደረበት መስታወት፣ ከተዘጋ ፀጉር ቤት የመጣ ከፍ ዝቅ የሚል ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያና ብሩሾቿን የምታቆምባቸው የማርማላታ ጠርሙሶች አሉ። ባለሥልጣንም ሆነ ዘፋኝ፣ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ አንገቱ ላይ ፎጣ ታስርለትና «በል፣ ዓይንህን ጨፍን» ትለዋለች። እምቢ ያላት የለም።

ከሁሉም በላይ የምትቀርበው የምሳ ሰዓቱን ዜና የሚያነበውን ሰው ነበር። ድምፁ ከመወፍሩ የተነሳ ነጎድጓድ ይሉታል። አገር ሁሉ ድምፁን ያውቃል። አገር የማያውቀውን ግን እሷ ታውቃለች፤ ነጎድጓድ ፈሪ ነው። ዜናው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው እጁ እንደ ቅጠል ይርገበገባል፣ ግንባሩን ላብ ያጠምቀዋል። እሷ ታዲያ እጇን በሞቀ ውሃ ትታጠብና አውራ ጣቷን በሁለቱ ቅንድቦቹ መሃል ጫን አድርጋ፣

«ዛሬ ምን በላህ?» ትለዋለች።

«ምንም። አልወርድ አለኝ።»

«ትናንትስ?»

እንዲህ እያለች የሳምንቱን ምግብ ስታስዘረዝረው ትንፋሹ ይረጋል። ከዚያ ልጅ ሳለ ወድቆ ለሁለት የተሰነጠቀችውን የግራ ቅንድቡን በእርሳስ ትሞላለታለች፤ ትከሻውን መታ ታደርግና «ሂድ፣ አስፈራራቸው!» ብላ ትልከዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ነበር።

እስከዚያ ዓመት ድረስ በአገሩ የነበረው የቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ ብቻ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ አዲስ ሕግ ወጣና የግል ጣቢያ መክፈት ተፈቀደ። አንዱ ተከፈተ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ሦስተኛው የመሃል ከተማውን ረጅም ሕንፃ የላይኛውን ፎቅ ተከራየ። ሁሉም የሚፈልጉት ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሥራ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ያለው በአሮጌው ጣቢያ ነው። አንድ ሰሞን አርብ አርብ የመሸኛ ኬክ የማይቆረስበት ጊዜ አልነበረም። መጀመሪያ የካሜራ ሰዎቹ፣ ቀጥሎ የስፖርቱ ክፍል ከነአለቃው፣ ከዚያ የአየር ትንበያዋ ልጅ ሄዱ። «ይሄ ኬክ ጋጋሪ ብቻ ነው የበለጸገው» አለች እትዬ።

ነጎድጓድ የሄደ ዕለት ግን አልቀለደችም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የነገራት።

«እትዬ፣ እኔንም... የረጅሙ ሕንፃ ሰዎች ጠርተውኛል።»

«ሰምቻለሁ» አለችው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ካንተ በፊት እኔ ነኝ የሰማሁት።»

«ተቀየምሽኝ?»

«ዝም በል፣ ከንፈርህን እየሠራሁ ነው።»

ሠርታ ስትጨርስ ፎጣውን ከአንገቱ ፈትታ አራገፈችው። «ሂድ፣ አስፈራራቸው» አለችው።

እሱ በሄደ በሁለተኛው ሳምንት አዲሶቹ ካሜራዎች መጡ። አብራቸው ውጭ አገር የተማረች፣ ገና አርባ ያልሞላት አዲስ ዳይሬክተር ተሾመች። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፤ ችኩል ናት። የመጀመሪያው የሙከራ ቀረጻ በትልቁ ስክሪን ሲታይ የጣቢያው ሰው ግማሹ ቆሞ ይመለከት ነበር። አሮጌው ካሜራ ይሸፋፍነው የነበረውን ሁሉ አዲሱ አፍረጥርጦ አወጣው። ነጎድጓድን የተካችው የዜና አንባቢ ጉንጭ ላይ ፓውደሩ ተሰነጣጥቆ ይታያል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ዳይሬክተሯ። «ኖራ የተቀባ ግድግዳ ይመስላል እኮ! ማነው የሠራት?»

ሁሉም ዞር ብሎ እትዬን አየ።

«እኔ ነኝ» አለች።

ዳይሬክተሯ ደንገጥ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይቅርታ፤ ግን በዚህ ዓይነት አንችልም። ሁለት ሳምንት አለን።»

እትዬ ቤቷ ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዝምታ አይወድም።

«ምነው፣ ማን ነካሽ?»

«ካረጁ አይበጁ ሆነብኝ። አዲሱ ካሜራ እጄን አዋረደው።»

ሰውየው ጢሙን እየጎተተ አሰበ። «እኔም አዲስ አውቶቡስ የሰጡኝ ጊዜ ፍሬኑን ስነካው ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ተወረወረ። እግሬን ማቅለል ነበረብኝ እንጂ እግሬ አላረጀም። እጅሽን አቅልይዋ!»

«በማን ላይ ልለማመድ?»

«ይሄ ፊት ለምን ተፈጠረ ታዲያ?» አለና ወንበሩን እየጎተተ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የባሏ ፊት ደብተሯ ሆነ። ወፍራሙን ፓውደር ትታ፣ በእርጥብ ስፖንጅ ስስ አድርጋ መቀባት ያዘች። ግራ ጉንጩን በአንድ ዓይነት፣ ቀኙን በሌላ ዓይነት ሠርታ፣ መስኮቱን አስከፍታ፣ በቀን ብርሃን ከቅርብ ታየዋለች። የጎረቤት ልጅ ባዋሰቻት ስልክ ፎቶ ታነሳውና እያጎላች ትመረምራለች። አንድ ቀን ሰውየው ረስቶት እንደተቀባ ሳሙና ሊገዛ ወጣ። ባለሱቁ ቢያየው ቢያየው ሳቁን መዋጥ አቃተው።

«ምነው አባባ፣ ሊድሩዎት ነው እንዴ?»

«ለቴሌቪዥን ተፈልጌ ነው!» ብሎት ኮራ ብሎ ተመለሰ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን የምሳ ሰዓቱ ዜና በአዲሱ ካሜራ ተላለፈ። አንባቢዋ ከመኝታ ተነስታ ፊቷን ታጥባ የመጣች እንጂ የተቀባች አትመስልም። ዳይሬክተሯ ስክሪኑን ብዙ አየችና «ማንን ቀጠርን?» ስትል ጠየቀች። «ማንንም» አሏት። ወደ ጠባቧ ክፍል መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ «ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው» ብላ እንዳመጣጧ እየተጣደፈች ሄደች።

በዚያው ሳምንት ረጅሙ ሕንፃ ላይ ያለው ጣቢያ ሥርጭት ጀመረ። ነጎድጓድ አመሻሽ ላይ ዜና ሊያነብ ነው ተብሎ በየመንገዱ ፎቶው ተሰቅሏል። እትዬና ባሏ ሶፋው ላይ ተደላድለው ጠበቁት። ብቅ አለ። ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ አየችው፤ ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። አንዱን ዜና ሁለት ጊዜ ደግሞ አነበበው።

«ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ነካው?» ብሎ ባሏ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

በማግስቱ ሥራዋን ጨርሳ አውቶቡስ ያዘችና ወደ ረጅሙ ሕንፃ ሄደች። ነጎድጓድ በሚያብረቀርቅ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ሲያያት ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«የሚሠራህ ማነው?»

«አንዲት ልጅ አለች፣ ጎበዝ ናት። ግን በማሽን ነው የምትረጨኝ እትዬ። መኪና የሚቀቡ ነው የሚመስለው። ፊቴን የሚነካው ሰው የለም።»

እትዬ የሞቀ ውሃ ፈልጋ እጇን ታጠበችና አውራ ጣቷን ቅንድቦቹ መሃል አሳረፈች። «ምሳ ምን በላህ?»

የዚያን ቀን ዜናውን እንደ ድሮው አነበበው። እሷም በማግስቱ ሄደች፤ በሦስተኛውም ቀን ሄደች። ክፍያ አልጠየቀችም፣ ለማንም አልተናገረችም። በአሥረኛው ቀን ዳይሬክተሯ ቢሮዋ አስጠራቻት።

«ከሥራ በኋላ የት ነው የሚሄዱት?»

እትዬ ጣቷ ላይ የቀረውን ፓውደር ጠረገች።

«ይንገሩኝ እንጂ። የነጎድጓድ የግራ ቅንድብ ተቀናቃኛችን ጣቢያ ላይ በመጀመሪያው ቀን ተሰንጥቆ ነበር። አሁን ድኗል። ቅንድብ በራሱ አይድንም።»

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ። «አልዋሽም።»

«ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል ይባላል።»

ይህ ቃል አጥንቷ ድረስ ተሰማት። ቢሆንም ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ልጄ፣ እኔ ለሌላ ጣቢያ አልጮኽኩም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ የኖረ ሰው አገር ፊት ሲወድቅ ቁጭ ብዬ ማየት አቃተኝ። ጥፋት ነው ካልሽ ቅጪኝ።»

ዳይሬክተሯ ከመሳቢያዋ ወረቀት አወጣች። «ደንብ ደንብ ነው» ብላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈችላት። ደብዳቤውን ስትሰጣት ግን ተነስታ በሁለት እጇ ነበር።

ወሬው ረጅሙ ሕንፃ ደርሶ ኖሮ፣ እነሱ ደግሞ በሁለተኛው ቀን «ነይ፣ የሜካፕ ክፍሉን ሙሉ ለሙሉ እንስጥሽ» አሏት። እትዬ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥታ አደረች ብዬ አላጋንንም፤ እሷ ከተኛች የሚቀሰቅሳት ነገር የለም። ግን ጠዋት ተነስታ ለባሏ እንዲህ አለችው፦

«ጣቢያውን አልለቅም። ነጎድጓድንም አልተወውም። ሌላ መንገድ መኖር አለበት።»

የእረፍት ቀኗ ሲደርስ ያቺን በማሽን የምትረጨውን ልጅ ቤቷ ጠራቻት። ልጅቷ ስድብ የሚጠብቃት መስሏት ፈራ ተባ እያለች መጣች። እትዬ ባሏን መስኮቱ ሥር አስቀመጠችውና የልጅቷን አውራ ጣት ይዛ ግንባሩ ላይ አሳረፈችላት።

«እዚህ ጋ። ጫን በይ፣ ግን አትግፊ። ማሽንሽን አልጠላሁም፤ ለእኔም አሳዪኝ። ብቻ መጀመሪያ ንኪው። ሰው ሲነኩት ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል።»

ነጎድጓድ ከእንግዲህ የምትሠራው ልጅቷ ብቻ እንደሆነች ሲሰማ ስልክ ደውሎ አኮረፈ። «ትተሽኝ ልትሄጂ ነው?»

«አንተ አይደለህ ትተኸኝ የሄድከው?»

ያ ወፍራም ሳቁ ስልኩን አንቀጠቀጠው።

ልጅቷ ጎበዝ ወጣች። ነጎድጓድም በረታ፤ አሁንም ይፈራል፣ ግን ፈርቶም ያነባል። ዓመቱ ሳያልቅ አራተኛ ጣቢያ ተከፈተና ከአሮጌው ጣቢያ ደግሞ ብዙ ሰው ይዞ ሄደ። ዳይሬክተሯ ሦስት አዳዲስ ሴቶች ቀጥራ ከእትዬ እንዲማሩ ወደ ጠባቧ ክፍል ላከቻቸው፤ ቦታው ስላልበቃቸው የጎኑ መጋዘን ግድግዳ ፈርሶ ተጨመረላቸው። እትዬ አቧራው ብሩሾቿ ላይ እንዳያርፍ ጠርሙሶቹን በፎጣ ሸፍና፣ ግንበኞቹን «ቶሎ በሉ፣ ዜና ደረሰ!» እያለች ስታጣድፍ ዋለች።