የስፌት መኪናው ሂሳብ

ሰፈሩ «ድርብ» ይለው የነበረው ልብስ ሰፊ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ሱሪም ይሁን መጋረጃ ሁለቴ ሳይሰፋ ከእጁ አይወጣም ነበርና ስሙ በዚያው ቀረ። ለሚስቱ ትቶላት የሄደው አክሲዮን ብቻ ነው፤ መጦሪያዋም እሱው ነው። አክሲዮኑን ሲገዙ የጎደለውን የሞሉት የስፌት መኪናውን ሸጠው ነው። ጓዳው ከዚያ ወዲህ ባዶ ነው።

ዛሬ ከቀትር በኋላ የባሏ ታናሽ ወንድም የሽያጭ ውል ይዞ መጣ። ሰውየው ሲያዝንም ሲነግድም ፊቱ አንድ ነው።

«እትዬ፣ ሂሳቡ እኮ ቀላል ነው» አላት። «በስልሳ ሺህ ገዛችሁ። እስከ ዛሬ አርባ ሺህ የትርፍ ድርሻ ደረሳችሁ። እኔ ደግሞ ሰማንያ እሰጥሻለሁ። መቶ ሃያ አይደል? በስልሳው ላይ ሌላ ስልሳ አተረፍሽ ማለት ነው። መቶ በመቶ። ማን ያገኛል ይሄን?»

አፈ ቅቤ ነው፤ አመነችው። ልትፈርም እስክሪብቶ ስታነሳ ከጓዳው የስፌት መኪና ፔዳል ድምፅ ተሰማ።

ጎረቤት ይሆናል ብላ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ድምፁ ዝም አለ። ስታነሳው ቀጠለ። ባሏ ግራ እግሩን ያመው ስለነበር የፔዳል አረጋገጡ ያነክስ ነበር፤ ይሄም ያነክሳል። ሰውነቷን ውርር አደረጋት።

ያኔ ትዝ አላት። የትርፍ ድርሻ በደረሰ ቁጥር ባሏ «አንነካትም፣ እላዩ ላይ እንደርባታለን» እያለ ሌላ አክሲዮን ይገዛበት ነበር። አርባ ሺሁ ቤት ገብቶ አያውቅም።

«አክሲዮኑ የተገዛው በስልሳ ሳይሆን በመቶ ነው» አለች። «አርባውንም መልሰን አክሲዮን ገዝተንበታል። ሁሉንም በሰማንያ ብሸጥልህ ከገዛንበት ዋጋ ሃያ ሺህ ጎደለ። ከመቶ ሃያ እጁ ሄደ ማለት ነው።»

ፔዳሉ ቀጥ አለ።

የባሏ ወንድም ግንባሩን ጠረገ። «እትዬ፣ ጓዳ ሲሰፋ የነበረው ማነው?»

«ማንም የለም። መኪናውን ተሸክመህ ያወጣኸው አንተ አይደለህም እንዴ?»

ውሉን ጠረጴዛው ላይ ትቶ እግሬ አውጪኝ አለ።

ጓዳውን ከፈተች። ወለሉ ላይ የመኪናው እግሮች የተዉት ምልክት አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ፍርሃቱ ለቀቃት። ባሏ ናፈቃት፤ ሂሳቡን ቶሎ ማግኘቷም ቆጫት።

ተመልሳ ተቀመጠችና ወረቀት ሳበች። ሰማንያና አርባ፣ መቶ ሃያ። ስልሳ ሲቀነስ፣ ስልሳ ትርፍ። ሆን ብላ አሳስታ ጻፈችና ጆሮዋን ቀሰረች።

ከጓዳው፣ ቀስ ብሎ፣ በግራ በኩል እያነከሰ፣ ፔዳሉ ጀመረ።