የአባ ፊጣ ዓይን

ይህን ከእኔ አፍ የሰማ ሰው የለም። የንስሐ አባቴ እንኳ አልሰሙትም። ቁጣዬን ነግሬያቸዋለሁ፣ ሐሜቴን ነግሬያቸዋለሁ፣ ፍልሰታን ገድፌ ቋንጣ መብላቴን ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ ምላሴ ይተሳሰራል። ምን ብዬ ልጀምር? "አባ፣ የኮምፒውተር ኮድ ሳነብ ስህተት አየሁና ንጹህ ነው አልኩ" ልበላቸው? ይስቁብኛል ብዬ አይደለም የምፈራው። "እና ማን ተጎዳ?" ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ነው።

የተጎዱት አባ ፊጣ ይባላሉ፤ አባ መባላቸው በአገሬው ልማድ ነው እንጂ ቄስ አይደሉም። አጋሮ አጠገብ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ መዛኝ ነበሩ። የጎዳኋቸው እኔ ነኝ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ወሬው ሲረዝም ለራሴ ሰበብ እንዳላበጅ ነው፤ ሰበብ በማበጀት ጎበዝ ነኝ።

ያን ጊዜ ጅማ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የኮምፒውተር ቢሮ እሠራ ነበር። በየሰፈሩ ኮብልስቶን የሚነጠፍበት፣ መብራት ደግሞ ደስ ባለው ሰዓት የሚሄድበት ዘመን ነው። የማጠቢያ ጣቢያው ማኅበር የድሮውን ተንጠልጣይ ሚዛን ትቶ በኮምፒውተር የሚነበብ ሚዛን ፈለገና ሥራውን ለእኛ ሰጠ። ኮዱን የምትጽፈው ባልደረባዬ ነጃት ነበረች። እኔ ደግሞ የጻፈችውን አትሜ መስመር በመስመር አንብቤ ይለፍ ወይም አይለፍ እላለሁ። ሥራዬን ግምገማ ልንለው አስበን ነበር፤ በዚያ ዘመን ግምገማ የሚባለው ቃል ሰውን ስለሚያስበረግግ ፍተሻ አልነው። በፍተሻ ስም ነበረኝ። "ከሰብለ ዓይን ዝንብ አታልፍም" ይሉኝ ነበር። ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልደብቅም።

ነጃት የጻፈችው ድራይቨር የሚባለውን ነው። ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት ያህል፣ ድራይቨር በኮምፒውተሩና በመሣሪያው መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። የሚኖረውም ከርነል በሚሉት፣ የኮምፒውተሩ ነገር ሁሉ በሚታዘዝበት የውስጥ ክፍል ነው። ከውጭ ያለ ፕሮግራም ቢሳሳት ብቻውን ይወድቃል። እዚያ ውስጥ ያለው ሲሳሳት ግን ከላይ ያለው ሁሉ እሱን አምኖ አብሮ ይሳሳታል። ሁለተኛ ዓይን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ዓይን እኔ ነበርኩ።

ስህተቱን አየሁት። ሳላየው አመለጠኝ ብል ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። ሚዛኑ ቁጥሩን ለኮምፒውተሩ የሚልከው ኮምፒውተሩ ውስጥ በሚሰካ አንድ ካርድ በኩል ነው። ካርዱ በሰዓቱ ካልመለሰ ድራይቨሩ "አልሰማሁም" ማለት ነበረበት። የነጃት ድራይቨር ግን እንደዚያ አይልም፤ ከበፊቱ ሰው ጆንያ የቀረውን ቁጥር አንሥቶ ይሰጣል። እኛ አገር ገበያ ላይ አስተርጓሚ ብርቅ አይደለም። ከሰቃ የመጣው ገበሬ ያለው ሳይሰማው ቀርቶ፣ ከእሱ በፊት የነበረው ሰው የተናገረውን የሚደግም አስተርጓሚ አስቡ። ነገሩ ይኸው ነው። መስመሩ አጠገብ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ፤ ስትመጣ እነግራታለሁ ብዬ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ የነጃት እናት ሞቱ።

ለቅሶው ጅሬን፣ እናቷ ቤት ነበር። ሴቶቹ የተቀመጡበት ክፍል ገባሁና አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰብሩን ይስጥሽ አልኳት። ፊቷ ደርቆ ነበር፤ እንባ የሚባል ነገር አልወጣትም ብለው ሴቶቹ ተጨንቀዋል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ኮዱን አየሽው?"

"ተይው አሁን፣ ነጃት።"

"ወላሂ ንገሪኝ። ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው የጨረስኩት። ውሃ ስጪኝ ስትለኝ እንኳ 'ቆይ እማዬ፣ ይህን ብቻ' እላት ነበር። ሥራው እንኳ ደህና ነው?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? እኔ እጇን ይዤ "ንጹህ ነው። አንድም ያገኘሁበት ነገር የለም" አልኳት። "አልሀምዱሊላህ" አለችና ያን ጊዜ አለቀሰች። ሴቶቹ በዓይናቸው አመሰገኑኝ።

እዚህ ላይ ባቆም ደግ ሰው መስዬ እቀራለሁ። ለሐዘንተኛ የዋሸ ሰው በእኛ ዘንድ አይወቀስም። መርዶ እንኳ እስኪበሉና እስኪያርፉ ጠብቀን፣ ጎረቤት ሰብስበን የምንናገር ሰዎች ነን። ስህተቱንም እንደ መርዶ ያዝኩት። ትንሽ ትጽና፣ ትንሽ ትመገብ፣ ከዚያ እነግራታለሁ አልኩ። መርዶ ግን ዞሮ ዞሮ ይነገራል። የእኔ አልተነገረም።

ለምን አልተነገረም? ነጃት ወደ ሥራ ስትመለስ ለቢሮው ሁሉ "ሰብለ ንጹህ ነው ብላኛለች" ብላ አወራች። አሁን ተነሥቼ ስህተት አለው ብል፣ ወይ ለቅሶ ቤት የዋሸሁ ሴት እሆናለሁ፣ ወይ ዝንብ ያመለጠቻት ሴት እሆናለሁ። ሁለቱንም አልወደድኩም። ራሴ ነክቼ እንዳላስተካክለው ነጃት ታየዋለች፣ ለምን ነካሽው ትለኛለች። ደግሞስ ካርዱ በሰዓቱ የማይመልሰው መቼ ነው? አንዳንዴ ነው አልኩ። አንዳንዴ የምትለዋን ቃል ይዤ "አልፏል" ብዬ ፈረምኩ። የእርሳሱን ምልክት በላጲስ አጠፋሁት።

ሚዛኑ ሲመረቅ የወረዳ ሰዎች መጥተው ስለ ልማት ብዙ ተናገሩ። የእኔም ተራ ደረሰ። "ሰው ይሳሳታል፣ ሰው ያዳላል። ማሽን ግን አያዳላም" አልኩ። እንዳይጠፋባቸው ብዬ በኦሮምኛም ደገምኩት። ገበሬዎቹ አጨበጨቡ። አባ ፊጣም ከሚዛኑ አጠገብ ቆመው አጨበጨቡ።

አባ ፊጣ በዚያ አካባቢ በእጃቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ከተንጠልጣዩ ሚዛን ዘመን ጀምሮ ይመዝናሉ፤ ይህ ብቻ አይደለም፣ በአረፋ በሬ ሲታረድ ሥጋውን በየመደቡ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። አንጓው ከአንጓ፣ ጉበቱ ከጉበት ሳይበላለጥ ይደለድሉታል፤ የጎረቤት ክርስቲያኖች እንኳ ለበዓል ቅርጫ ሲገቡ መደቡን እንዲያዩላቸው ይጠሯቸው ነበር። አዲሱ ሚዛን ሲመጣ ሥራቸው ጆንያውን ማስቀመጥና ከኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቁጥር ጮክ ብሎ ማንበብ ሆነ። ጸሐፊው እሳቸው ያሉትን ይጽፋል።

የእሸት ቡና ወቅት ገባ። ነጃት አዲስ አበባ ሥራ አግኝታ ሄዳለች። መብራት ሄዶ ጀነሬተር በተነሣ ቁጥር ካርዱ ይዘገያል፤ ካርዱ ሲዘገይ ድራይቨሩ የበፊቱን ሰው ቁጥር ይሰጣል። ልዩነቱ ትልቅ ሲሆን አባ ፊጣ ራሳቸው "ይህ አይሆንም" ብለው ጆንያውን አውርደው እንደገና ያስቀምጡት ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ግን ማንም አያውቅም፣ ቤቱ መዝኖ ከመጣ ገበሬ በቀር። ከእነዚህ አንዱ ጎደለብኝ አለ። ሌላውም ጎደለብኝ አለ። ከዚያ ወሬው እንዲህ ሆነ፦ ማሽን አያዳላም፣ እንግዲህ ሰውዬው ነው። ለምንስ ለአንዱ ሁለት ጊዜ ይመዝናል፣ ለሌላው አንድ ጊዜ? ያ ሁለት ጊዜ መመዘናቸው፣ ያ የእውነተኛነታቸው ምልክት፣ ማስረጃ ሆነባቸው።

አባ ፊጣ "ወላሂ አልነካሁም" ብለው ማሉ። በሐሰት ማለ ተባሉ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ይምጣ አሉ። የሄድኩት እኔ ነኝ።

መኪናው ውስጥ እያለሁ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ከጅማ እስከ አጋሮ አንድም ጊዜ አልተጠራጠርኩም። ሽማግሌዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ደረስኩና የሚዛኑን ክፍል ከውስጥ ዘግቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ያቺን መስመር አስተካከልኳት። ቀላል ነበረች፤ ሻይ ለመጠጣት ከሚፈጀው ጊዜ አትበልጥም። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ወጥቼ ጆንያ እያስቀመጥን እንመዝን አልኳቸው። ጀነሬተሩን አስነሡ፣ አጥፉ፣ እንደገና አስነሡ አልኩ። ቁጥሩ አንዴም አልተዛነፈም።

"ማሽኑ ደህና ነው" አልኩ።

አያችሁ? ውሸት አይደለም። ያን ሰዓት ደህና ነበር። ቃሌ እውነት እንዲሆን ብዬ አስቀድሜ አስተካከልኩት። እንደዚህ አድርጎ የሚዋሽ ሰው ምን ይባላል? እኔ ስሙን አላውቅም። የማውቀው እኔ መሆኔን ነው።

ሽማግሌዎቹ ወደ አባ ፊጣ ዞሩ። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢቆጡ፣ አንዴ እንኳ "ትዋሻለች" ቢሉኝ ኖሮ ምናልባት እውነቱ ይወጣኝ ነበር እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። አልተቆጡም። ስክሪኑን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ኢንታላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "ካንቺ በላይ ይህን የሚያውቅ የለም። ማሽኑ ደህና ከሆነ እንግዲህ ዓይኔ ይሆናል። አላየሁ ይሆናል።"

"ይሆናል፣ አባባ" አልኳቸው።

በቃ። በዚያች ቃል መዛኝነታቸው ቀረ። ሽማግሌዎቹ ዓይኑ ነው ብለው ነገሩን በይቅርታ ዘጉት፤ ሰዉ ግን እጁ ነው አለ። አረፋ ሲመጣ ሥጋውን ሌላ ሰው እንደመደበውና አባ ፊጣ ድርሻቸውን ከዳር ቆመው እንደተቀበሉ ከማኅበሩ ሰዎች ሰማሁ። እኔ ጅማ ተመልሼ ሪፖርቴ ላይ "ጥቃቅን ማስተካከያ" ብዬ ጻፍኩ። የደረጃ እድገትም አገኘሁ።

ከዓመታት በኋላ ጅማ ውስጥ አንድ የዓይን ሐኪም ቤት በር ላይ አገኘኋቸው። ልሸሽ ነበር፤ ቀድመው አዩኝ። ደስ ብሏቸው እጄን ያዙ።

"ልጄ አምጥቶ አሳየኝ" አሉ። "ዶክተሩ በደንብ ፈተሸኝ። ዓይንዎ ደህና ነው፣ ድሮም ምንም አልነካውም አለኝ።" ከዚያ እጄን ሳይለቁ ጠየቁኝ። "ደህና ከሆነ ያን ጊዜ ምን ነበር?"

እግዚአብሔር ሁለተኛ ዕድል ይሰጣል ሲሉ እሰማለሁ። ለእኔ እዚያ በር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እጄን አስይዞ ሰጠኝ። ሽማግሌ የለ፣ ነጃት የለች፣ ሰሚ የለ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች የምትፈለገው።

"ሐኪምም እኮ ይሳሳታል፣ አባባ" አልኳቸው።

አሰቡበት። "ኤዬ፣ አዎ" አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "ሰው ይሳሳታል ብለሽን ነበር።" መርቀውኝ ሄዱ። ሲሄዱ መንገዱ ላይ ያለውን ድንጋይ ሁሉ በእግራቸው እየፈለጉ፣ እንደማያይ ሰው ይራመዱ ነበር። የራሳቸውን ዓይን ትተው እኔን አመኑ።

መሞታቸውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ለቅሶ አልደረስኩም። ለቅሶ ቤት ገብቼ ምን እንደምናገር አውቀዋለሁ።

ነጃት፣ ይህን ካነበብሽ፣ እናትሽ አጠገብ የጻፍሽው ስህተት ነበረበት። አንዲት መስመር ነበረች፣ ማንም ሊስታት የሚችል። ያኔ ብነግርሽ አልቅሰሽ ታስተካክዪው ነበር። አንቺን ላጽናና ብዬ አንድ ጊዜ ዋሸሁ፤ የቀረውን ሁሉ የዋሸሁት ለራሴ ስም ነው። በአንቺ ማሳበብ አልችልም።

ከእናንተ ከምታነቡኝም ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅር ማለቱ የእናንተ አይደለምና። በአጋሮ በኩል የምታልፉ ከሆነ ግን ልጆቻቸውን ፈልጋችሁ አንድ ነገር ንገሩልኝ። እኔ ራሴ ሄጄ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ አሁን ታውቃላችሁ። የአባታችሁ ዓይን ደህና ነበር በሏቸው። እጃቸውም ንጹህ ነበር። ሰብለ ታውቅ ነበር በሏቸው።