ትእዛዙን አነሳችው

የምሠራው ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ አንድ ሆቴል ሥር ባለ ፓርኪንግ ነው። ከመስታወት በተሠራች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ቲኬት እቀበላለሁ፣ ቁልፍ ተጭኜ መኪና አሳልፋለሁ። የምኖረው ደግሞ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእናቴ ጋር ነው። የሰፈሬ የካውንቲ ምክር ቤት አባል ማን እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቅም። አንድ ሰሞን ግን ስለ አየርላንድ የገጠር አውቶቡስ፣ ስለ አምቡላንስ መዘግየት፣ በመዘጋት ላይ ስላለ የአንድ መንደር ፖስታ ቤት እኔን የሚያህል አዋቂ በሜሪላንድም በቨርጂንያም አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ አየርላንድ ጥገኝነት ጠይቃ፣ መንግሥት ለስደተኞች ማረፊያ በተከራየው አሮጌ ሆቴል ውስጥ ከዘጠኝ ዓመት ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ሩብ ሰዓት አትፈጅም። እህቴ እዚያ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ አገኘች። ልጅቷም የእነሱን አነጋገር ይዛ እኔ ስደውልላት የምትለው እስኪጠፋኝ ድረስ አየርላንዳዊት ሆነች። ሦስት ዓመት እንዲህ ከኖሩ በኋላ ነው ደብዳቤው የመጣው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ አገሪቱ ሌላኛው ጫፍ ትዛወራላችሁ፣ ሐሙስ ጠዋት አውቶቡስ ይመጣል፣ ዕቃችሁን አዘጋጁ ይላል። ለምን እንደሆነ አይልም።

እህቴ ከምትሠራበት ቦታ አንዲት ባልደረባዋ ይዛት የአካባቢው ሴናተር ዘንድ ሄደች። ሴናተሯ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ተቀብላ አነጋገረቻቸው፣ በእጇ ማስታወሻ ያዘች፣ ጉዳዩን በምክር ቤት እንደምታነሳ ቃል ገባች። እህቴ ይህን ስትነግረን እናቴ ከሶፋው ተነስታ ቆመች።

«ሴናተር? ሴናተር ከያዘውማ አለቀ በለኛ!»

አልፈርድባትም። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ለኖረ ሰው ሴናተር ማለት መንገድ የሚዘጋለት ሰው ነው። እኔ ግን ነገር መመርመር እወዳለሁና የአየርላንዱን የላይኛው ምክር ቤት ማጥናት ጀመርኩ። ሴናተሮቹ መናገር ይችላሉ፤ በጣም ይችላሉ። ሕግ ትንሽ ማዘግየት ይችላሉ። ሚኒስትር ጠርተው መጠየቅ ይችላሉ። ማዘዝ ግን አይችሉም። ይህን ለእናቴ ላስረዳት ሞከርኩ፤ «አንተ ደግሞ ክፉ ክፉውን ነው የሚታይህ» አለችኝና ዝም አሰኘችኝ።

በየቀኑ መኪና እስኪመጣ ድረስ ስልኬን ቲኬት ማሽኑ ላይ አስደግፌ የሴናተሯን የድሮ ንግግሮች ማዳመጥ ያዝኩ። አነጋገሯ መጀመሪያ አልገባኝም፤ አንዱን ንግግር ሦስቴ እየደገምኩ ሰማሁ። ቀስ በቀስ ለመድኳት። ስለ መኖሪያ ቤት እጥረት ስትናገር ትቆጣለች። ስለ ነርሶች ስትናገር ድምጿ ይሰበራል። የታመመ ቤተሰብ በቤታቸው ስለሚያስታምሙ ሰዎች የተናገረችውን ሰምቼ፣ ዕንባዬ መጥቶ፣ አንዲት ደንበኛ ደህና ነህ ወይ ብላኛለች። ሁልጊዜ «ክቡር አፈ ጉባኤ» ብላ ትጀምራለች፤ ሁልጊዜ ለመጣው ሚኒስትር ምስጋና ታቀርባለች፤ ሁልጊዜ ሰዓቷ ያልቅባታል። ከኋላዋ ያሉት ወንበሮች አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ናቸው። ይሄን እያየሁ እንኳ ወደድኳት፣ ተስፋም አደረግኩባት። ሰው የሚያደርገው ሲያጣ የሚናገርለትን ሰው ድምፅ ይዞ ይቀመጣል መሰለኝ።

በዚህ መሀል ሌላ ነገር መጣ። ያቺው የእህቴ ባልደረባ ቤቷ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ነበራት። «ከፈለግሽ ከልጅሽ ጋር ግቢ፤ ግን ሌላም ሰው ጠይቆኛል፣ አውቶቡሱ በሚመጣበት ሳምንት እስከ ማክሰኞ ማታ ወስኚ» አለቻት። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ አንድ አልጋ ብቻ ነው የሚገባው። ደግሞ አንዴ ከመንግሥት ማረፊያ በገዛ ፈቃድ ከወጡ ተመልሶ መግባት የለም። እህቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታወላውል ከረመች። ሴናተሯ ጉዳዩን የምታነሳው በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መሆኑን ስታውቅ ግን ወሰነች። ዝውውሩ ከቀረ ባለችበት ትቆያለች። ካልቀረ ክፍሉን ትወስዳለች።

«እኔ ሺፍት ላይ ስለምሆን ስልክ ሎከር ውስጥ ነው» አለችኝ። «ብሬክ ስወጣ ኮል አደርጋለሁ። አንተ በደንብ ስማልኝ፤ ምን እንዳሉ ቃል በቃል ንገረኝ።»

ቃል በቃል።

ማክሰኞ፣ እዚያ ከሰዓት በኋላ ሲሆን እኛ ዘንድ ገና ጠዋት ነበር። እኔ መስታወቷ ክፍል ውስጥ፣ እናቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ስልኳን ይዛ። ቪዲዮ መክፈት ስለማትችል እኔ እየሰማሁ ልደውልላት ተነጋግረናል። ሴናተሯ ግራጫ ኮት ለብሳ ተነሳች። የተሰጣት አራት ደቂቃ ነው።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ በእኔ አካባቢ አረጋውያንን የምትጦር አንዲት እናት አለች» አለች። የእህቴን ስም አልጠራችም፤ የግል ጉዳይ ስለሆነ አይጠራም። ግን እሷው ናት። ልጅቷ በትምህርት ቤቷ የኳስ ቡድን መመረጧን ሳይቀር ተናገረች። ከዚያ ደብዳቤውን ከፍ አድርጋ አሳየችና፣ «ከተማው ይፈልጋታል፣ የምትጦራቸው ሰዎች ይፈልጓታል፣ እሷም እኛን ትፈልጋለች። ታዲያ ይህን ትእዛዝ የጻፈው ሰው ማንን ለመጥቀም ነው የጻፈው?» ብላ ጠየቀች። ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ንግግር ስለ እኛ ቤት ሰው ሲደረግ ሰምቼ አላውቅም። እሷ ገና ሳትቀመጥ፣ መልሱን እንኳ ሳልጠብቅ፣ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ! ትእዛዙን እኮ አነሳችው! አፏን ሞልታ፣ ሁሉም እየሰማ አነሳችው!»

«አነሳችው?» አለች እናቴ።

«አነሳችው ስልሽ!»

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ብቻዬን መስታወት ውስጥ ሆኜ ሳቅኩ። አነሳች ስል፣ ጉዳዩን አንስታ ተናገረች ማለቴ ነው። በእኛ ቋንቋ ወሬም ይነሳል፣ እገዳም ይነሳል። ትእዛዝ አነሳች ሲባል ደግሞ የሰማ ሁሉ የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሻረችው። ይሄ ያን ሰዓት አልታየኝም። ስልኩን ዘግቼ ወደ ስክሪኑ ተመለስኩ።

የተቀመጠው ሚኒስትር ዴኤታ ተነሳ። ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሚኒስትር ስላልተመቻቸው እሱ ተወክሎ መምጣቱን ተናገረ። ወረቀት አወጣ፤ አነበበ። ሴናተሯን ጉዳዩን ስላነሳች አመሰገናት። ስለ ግለሰቦች ጉዳይ አስተያየት መስጠት እንደማይችል፣ ማረፊያ ቦታ እጅግ መጣበቡን፣ ዝውውሮች አስፈላጊ መሆናቸውን ከወረቀቱ ቀና ሳይል አነበበ። ሴናተሯ የቀራትን አንድ ደቂቃ ተጠቅማ፣ «ሚኒስትር ዴኤታውን አመሰግናለሁ፤ ግን መልስ አልሰጡኝም» አለች። አፈ ጉባኤው ሰዓቷ ማለቁን ነገራት። ቀጥሎ ስለ አንድ ወደብ ውይይት ተጀመረ። አለቀ። ያ ሁሉ ተስፋ በዚህ አለቀ።

እናቴ ጋ መልሼ ደወልኩ፤ ተይዟል። ደግሜ ሞከርኩ፤ ተይዟል። በዚህ መሀል ሆቴሉ ውስጥ የነበረ ስብሰባ አበቃና መኪናው ተግተለተለ። አንዱ ቲኬቱን ጥሏል፣ አንዷ ካርዷ አልሠራ ብሏል፣ ከኋላ ክላክስ ያምባርቃል። አንድ እጄ ቲኬት ላይ፣ አንድ እጄ ስልክ ላይ። በመጨረሻ ስትነሳልኝ እናቴ እየሳቀች ነበር።

«ነገርኳት እኮ! አሁን ለሻይ ስትወጣ፣ ያንተ አልገባ ብሏት እኔ ጋ ደወለች። ትእዛዙ ተነስቷል ስላት አለቀሰች። ሴትዮዋንም እዚያው ጠርታ ክፍሉን ለሌላው ስጪው አለቻት።»

እህቴ ጋ ደወልኩ፤ ስልኳ ሎከር ውስጥ ነው። ደወልኩ፣ ደወልኩ። የድምፅ መልእክት ተውኩላት፤ ጻፍኩላት፤ የመጦሪያውን ስልክ ፈልጌ ደወልኩ፣ አንድ ማሽን አናገረኝ። ከውቅያኖስ ማዶ ያለ ሰው ሽንት ጨርቅ እየለወጠ፣ አልጋ እያነጠፈ፣ ደስ ብሎት እያንጎራጎረ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ለሰው መኪና በር እከፍታለሁ። መልእክቴን ያየችው ሥራ ጨርሳ ስትወጣ ነው። ባልደረባዋ ክፍሉን ሰጥታዋለች። የተሰጠው ሰው ቁልፍ ተቀብሏል።

ሐሙስ ጠዋት አውቶቡሱ መጣ። እህቴ ሁለት ሻንጣና፣ እዚያ እንደ ገና ጨዋታ ኳስ የሚመታበትን የልጇን ዱላ ይዛ ተሳፈረች። ያረፉበት ቦታ ከከተማ የራቀ ነው፤ ሥራ የለም፤ ልጅቷ ለትምህርት ቤት ወረፋ ትጠብቃለች። ሴናተሯ በተከታዩ ሳምንት እንደገና ተነስታ ተናግራለች። አዳመጥኳት። ሌላ ሚኒስትር ዴኤታ ሌላ ወረቀት አነበበላት።

አሁን የማፍርበት ይመጣል። እህቴ ደውላ፣ «ምንድን ነው የሆነው? እማዬ ለምን እንደዚያ አለችኝ?» ስትለኝ፣ «እማዬ አጣማ ሰምታ ነው» አልኳት። «እኔ እኮ ስለ ትእዛዙ አነሳች ነው ያልኳት።» እናቴ አጠገቤ ነበረች። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ስልኩን ተቀብላ ልጇን ይቅርታ ጠየቀች። «እርጅና ነው ልጄ፣ ጆሮዬ ከድቶኝ ነው። በእኔ የተነሳ ነው» እያለች አለቀሰች። እህቴም ከወዲያ ስታጽናናት ይሰማኛል። እኔ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። የታጠበውን ነበር የማጥበው።

እናቴ ከዚያን ቀን ወዲህ ራሷን ማመን ተወች። አንድ ነገር ስነግራት «ምን አልክ?» ትላለች፤ ስደግምላትም «እርግጠኛ ነህ?» ትላለች። ዜና አልሰማም አለች። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲያናግራት አፉን አፉን ታያለች። በመጨረሻ ራሷ «ጆሮዬን ለሐኪም አሳይልኝ» አለችኝ። ምን እላለሁ? ቀጠሮ ያዝኩላት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ክሊኒክ ስንደርስ በስልክ አስተርጓሚ እንጥራ ወይ አሉን። «ልጄ እያለልኝ!» አለች እናቴ። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብተው ማዳመጫ አደረጉላት፤ ድምፅ በሰማች ቁጥር የምትጫነው ቁልፍ ሰጧት። በመስታወቱ አያታለሁ። ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ፈተና ላይ እንዳለ ተማሪ ትጫናለች። መርማሪዋ ወጣት ሴት ናት። ውጤቱን አየችና ፈገግ አለች። ጆሮዋ እጅግ ጥሩ ነው፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ብዙ አላይም፣ የሚነገራትን በደንብ ትሰማለች፤ ይህን ንገራት አለችኝ።

እናቴ ማዳመጫው ያበላሸውን ሻሿን እያስተካከለች ታየኛለች። ልዋሻት እችል ነበር። ጉልበቱ አልነበረኝም።

«ደህና ነው ትልሻለች። ጆሮሽ በጣም ደህና ነው።»

ሻሿን ማስተካከሏን ተወች። «እንግዲያው የሰማሁት የነገርከኝን ነው» አለች።

«አዎ እማዬ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። መኪና ውስጥ ገብተን ቁልፉን ሳላዞር ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ እህቴ ጋ ደወለችና ለእኔ ሰጠችኝ። እህቴ ወዲያው አነሳች።

«ሃሎ፣ እማዬ? ጆሮሽን ምን አሉሽ?»

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ጆሮዋ ደህና ነው። እሷ አላጠፋችም። ትእዛዙን አነሳችው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ደግማ ጠይቃኝም አረጋገጥኩላት።»

ከወዲያ በኩል የብዙ ሰው ድምፅ፣ የልጆች ጩኸት ይሰማል። እህቴ የት እንዳለች አላወቅኩም፤ ልጠይቃትም አልደፈርኩም።

«እሺ» አለችኝ። «አሁን ታዲያ ምን ላድርገው?»

የምሯን ነበር የጠየቀችኝ።